አንድ ቤት የጎደለ ጊዜ

ዛሬ ጠዋት አንድ የአይከል ሰው፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ የሕይወት ታሪካቸውን በፌስታል ጠቅልለው አምጥተውልኝ ሄዱ። ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት አንብቤ እንዳርምላቸው ነው። መምህርነቱን ከተውሁ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ሆኗል፤ የሰው ታሪክ ማረም። ዓይኔ ደክሟል፣ ወገቤም ከወንበር ጋር ተጣልቷል፤ ግን እምቢ ማለት አልለመድሁም።

በዚህ በጎንደር ዛሬ ዛሬ መጽሐፍ ያልጀመረ ሽማግሌ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ወታደር የነበረው ይጽፋል፤ ነጋዴው ይጽፋል፤ ልጆቿ ባሕር ማዶ ያሉባት እናት በስልክ እየተናገረች ታስቀዳለች፣ ልጆቹ ያስተይባሉ። አልነቅፍም። ሰው ይህን ሁሉ ኖሮ እንደ ጠዋት ጉም በንኖ መቅረት ካልፈለገ ምን ይፈረድበታል? ብቻ ይደክመኛል። የሁሉም መጽሐፍ መጀመሪያው የዘር ሐረግ ነው፤ ሐረጉ ላይ ያሉት ሁሉ ደግሞ ጀግና፣ ለጋስ፣ አስታራቂ ናቸው። ይህን ያህል ዘመን ሳርም አንድ ሰነፍ ቅድመ አያት፣ አንድ ፈሪ ምንጅላት አላጋጠመኝም።

ሾፌሩ ግን ከአያቶቻቸው ስለ አንዱ፣ “ቁጡ ነበሩ ይባላል፤ ግን ቶሎ ይበርድላቸው ነበር” ብለው ጽፈዋል። እዚያ ላይ እጄ ቆመ። ይህንኑ ነገር ከአንድ ሽማግሌ አፍ የሰማሁበት የታኅሣሥ ቀን መጣብኝ። መነጽሬን አውልቄ ቁጭ አልሁ። የዛሬው ሥራ በዚያው ቀረ።

ያን ጊዜ ሃያዎቹን የጀመርሁ፣ የማታ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርሁ። በልጅነቴ ድረውኝ፣ ከባል ቤት ጠፍቼ ጎንደር የገባሁ ሰው ስለሆንሁ ፊደል የቆጠርሁት እኩዮቼ ልጅ ሲያዝሉ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ለጽሕፈት ይሳሳል። አንድ ፊደል የተሰረዘበት ወረቀት ካየሁ እንደ ተቀደደ ቀሚስ ያሳፍረኝ ነበር፤ ገጹን በሙሉ እንደገና እገለብጠዋለሁ። የክፍል ልጆች ይስቁብኛል። እኔ ግን የዘገየሁበትን በንጽሕና የምክስ ይመስለኝ ነበር።

ከቅዳሜ ገበያ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ጎረቤቴ አያ ተገኘ የሚባሉ፣ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ በድሬሰርነት ሲዞሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ አልወለዱም። መጽሐፍ እየጻፉ ነበር፤ የራሳቸውንና የዘመዶቻቸውን ታሪክ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ ትምህርት ቤት እስክሄድ ድረስ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ እጽፋለሁ። በዚያ ሥራ የተስማማን ሁለታችንም ነዝናዛ ስለነበርን ይመስለኛል። እሳቸው አንድን ስም ከሁለት አፍ ካልሰሙ አያስገቡም። “ሙቀቱን ሳልለካ ለበሽተኛ መድኃኒት ሰጥቼ አላውቅም፤ ሳላጣራም ስም አልጽፍም” ይሉ ነበር። ስለ አንድ አጎታቸው የሞት ዘመን ብቻ ለማጣራት ደባት ድረስ ሄደው በጉንፋን ተይዘው የተመለሱ ሰው ናቸው። ግቢው ውስጥ፣ “አያ ተገኘ ወልደው የሚያሳድጉት በወረቀት ነው” እየተባለ ይታማ ነበር። ሐሜቱ ደርሷቸዋል። አልተቀየሙም።

መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል የቀራቸው አንድ ነገር ነበር፤ ታላቅ እህታቸው። እመት ውድነሽ ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ወዲያ አንድ ቀበሌ ውስጥ ይኖራሉ፤ የቤተሰቡን ሐረግ አንድም ሳይቀር በቃላቸው የያዙ እሳቸው ናቸው ይባላል። አያ ተገኘ የጻፉትን በእህታቸው ፊት አንብበው ካላጸኑ እንደማያሳትሙ ቆርጠው ነበርና፣ እኔም ትምህርት ቤቱ ሲዘጋልኝ በታኅሣሥ ተነሣን።

እስከ ደባርቅ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ የእህል ጆንያ በጫነ ማኪና ላይ ሄድን። ማኪናው ከቆመበት ወዲያ ለአያ ተገኘ በቅሎ ተገኘላቸው፤ እኔ በእግሬ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ በቦርሳ ይዣለሁ፤ ቦርሳውን ለማንም አልሰጥም። የጃናሞራ ብርድ አጥንት የሚጠይቅ ብርድ ነው። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ ጅብራ የሚባለው ረጅሙ የደጋ ተክል ከጉሙ ውስጥ እንደሚጠብቅ ሰው ብቅ ይላል። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ከየአውድማው የተወቃ ገብስ ሽታ ይመጣል። ከመንገዱ ዳር ተቀምጠን በሶ በጥብጠን ጠጣን። አያ ተገኘ በቅሎዋን ጭምር ስሟንና የማን እንደሆነች ጠይቀው እንድጽፍ አደረጉኝ። ይህ መጽሐፍ ውስጥ ምን ይሠራል ብላቸው፣ “አላውቅም፤ ብቻ ነበረች” አሉ።

እመት ውድነሽ በደስታ አለቀሱ። ወንድማቸውን እያገላበጡ ሳሙ፤ እኔንም ሳሙኝ። ጾም ስለነበር የባቄላ ንፍሮና የገብስ ጠላ ቀረበልን። ሆኖም ዓይናቸው ከቦርሳዬ ላይ አይነሣም ነበር። እንግዳ ሲመጣ ምን ይዞ መጣ ብሎ እንደሚያይ ሰው አይደለም፤ እባብ ይኖርበት ይሆን ብሎ እንደሚያይ ሰው።

ምክንያቱን በማግሥቱ አወቅን። ከልጃቸው የተወለደች፣ እሳቸው ያሳደጓት እንጉዳይ የምትባል ልጅ አለች። የኔ እኩያ ናት፤ ረጅም፣ ቀጠን ያለች፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን። እንደኔው በልጅነቷ ተድራ፣ ዱላ ሲበዛባት ወደ አያቷ ተመልሳለች። ከዚያ ወዲህ ስሟ “ፈት” ሆኖ፣ የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ እምቢ ስትል ኖራለች። አሁን ግን ራሷ የወደደችው፣ ከወንዙ ማዶ ያለ ሞላ የሚባል ልጅ ጠይቋታል። በጥር ሊጋቡ ነው። የቀረው ዘር መቁጠር ብቻ ነው።

በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ትውልድ ይቆጥራሉ። የሷ ወገን ከሷ ተነሥቶ ወደ ላይ፣ የሱም ወገን ከሱ ተነሥቶ ወደ ላይ። አንድ አያት ላይ ሲገናኙ ሰባት ቤት ካልሞላ እኅቱ ናትና ነገሩ ያበቃል። በዚያ አገር ደግሞ ከባላምባራስ ረታ ያልተወለደ የለም፤ እንጉዳይም ሞላም ወደ ረታ ይወጣሉ። በሱ በኩል ሰባት ቤት አልፏል። በሷ በኩል ስንት እንደሆነ እመት ውድነሽ ያውቃሉ፤ አንድ ይጎድላል። የጎደለውን በአፍ ቆጠራ ጊዜ ሊሞሉት አስበው ነበር። እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለም፤ ቆጣሪው አንድ ስም ጣል ያደርጋል፣ ሰሚው ነቅቶም ቢሆን ያሳልፋል። ታዲያ የሞላ ወገኖች ገበያ ላይ የእመት ውድነሽ ወንድም የትውልዱን መጽሐፍ ይዞ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ሰሙ። እንግዲያውስ ምን አደከመን፣ የተጻፈው ይነበብልን አሉ። ቀኑም የሚመጣው እሑድ ሆነ።

አያ ተገኘ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ፣ እኔ ከጎናቸው ገጾቹን ሳስተካክል፣ እመት ውድነሽ መጥተው ተቀመጡ።

“እስኪ ያንን ወረቀትህን ቁጠርልኝ” አሉ፤ “ከእንጉዳይ እስከ ረታ።”

አያ ተገኘ ደስ ብሏቸው በጣታቸው ቆጠሩ። “አንድ እናቷ። ሁለት አንቺ። አባታችን አለነ ሦስት። ካሴ፣ ብሩ፣ ረታ። ስድስት።”

“አንድ ጎደለ።”

“ምኑ ይጎድላል እታለም? ከሁለት አፍ የሰማሁት ነው።”

“ከሦስተኛው ስማ እንግዲህ። ብሩ የረታ ልጅ አይደለም። ብሩ የወንዴ ልጅ ነው፤ ወንዴ ነው የረታ ልጅ።”

“ወንዴ ማነው?”

“እኔ በምን አውቄው። አሁን ነው የወለድሁት።”

አያ ተገኘ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባቸው ፊታቸው ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን ሁሉ አላስታውስም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሁለት ሽማግሌዎች እንደ ልጅ ሲጣሉ ነው ያየሁት። አያ ተገኘ መጽሐፍ የጠላ ቤት ወሬ አይደለም፣ ነገ ሰው ይማርበታል አሉ። እህታቸው ነገማ ይማሩበት፣ የኔዋ የምትዳረው ዘንድሮ ነው ብለው መለሱ። ወንድማቸው የእግዚአብሔርን ሕግ አነሡ፤ ሰባት ቤት የተባለው ለጨዋታ ነወይ አሉ። እመት ውድነሽ፣ “እግዚአብሔር ብሩንም ረታንም በዓይኑ ያውቃቸዋል፤ ካንተ ወረቀት አያነብም” አሉ። ተነሥተውም ቀሚሳቸውን አራግፈው ገቡ።

እኔ ያን ጊዜ በልቤ የአያ ተገኘ ወገን ነበርሁ። አሁን ሳስበው ይገርመኛል። እንደ እንጉዳይ ተድሬ፣ እንደ እንጉዳይ ሸሽቼ፣ ግን የቆምሁት ከወረቀቱ ጋር ነው። ያንን ገጽ እንከን እስኪያጣ ደጋግሜ ገልብጬዋለሁ። በዚያ ላይ ያልነበረ ሰው መጨመር ንጹሕ ልብስ ላይ ጭቃ መርጨት መስሎ ታየኝ።

በማግሥቱ ከእንጉዳይ ጋር ውኃ ልንቀዳ ወረድን። ምንጩ ጋ እንስራዋን አስቀምጣ፣ ወደኔ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

“እኅቴ፣ እዚያ ወረቀት ላይ እኔ አለሁ?”

አሰብሁ። ሐረጉ ከረታ ይነሣል፤ አያ ተገኘ ጋ ሲደርስ ያቆማል። እህታቸው በስማቸው ተጠቅሰዋል፤ ከሳቸው ወዲያ ያሉት፣ በሴት በኩል ናቸውና፣ “ልጆችም ወልደዋል” ተብለው ታልፈዋል።

“የለሽም” አልኋት።

“ታዲያ ምነው ስለኔ እሱን ይጠይቁታል?”

መልስ ሳትጠብቅ እንስራዋን ሞልታ አዘለችና ቀድማኝ ወጣች። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ያለችውን ለአያ ተገኘ ነገርኋቸው። ያንን ገጽ እንዳወጣ አዘዙኝና “ልጆችም ወልደዋል” የሚለውን ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ልጅ አልባ ሰው በዚያ መስመር ላይ ምን እንዳዩ አላውቅም። በመጨረሻ በቅሎዋ የት እንደታሰረች ጠየቁኝ፤ ወደ ጎንደር ሊመለሱ ያሰቡ መሰለኝ። ግን አልተመለሱም፤ ብቻ ሄደው ለብቻቸው ከበቅሎዋ አጠገብ ቆሙ።

እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ባዶ ወረቀት እንዳወጣ ነገሩኝ። “ጻፊ” አሉ። “ረታ ወንዴን ወለደ። ወንዴ ብሩን ወለደ።” ጻፍሁ። “አሳምረሽ ጻፊው፤ እንደ ሌሎቹ” አሉ። ከዚያ ወደ ታች ወርደው የእህታቸውን ልጅ፣ ከሷም እንጉዳይን በስሟ አስገቡ። ለበሽተኛ የማይድን መሆኑን የሚነግሩ ይመስሉ ነበር።

የሞላ ወገኖች ከረፋዱ ላይ ወንዙን ተሻግረው መጡ። ግቢው ውስጥ፣ ፀሐዩ ባለበት፣ ቁርበት ተነጠፈላቸው፤ ጠላ ተቀዳላቸው። ዋናቸው አያ ደርሶ የሚባሉ፣ የሞላ አያት ወንድም ናቸው። ትንሽ፣ የደረቁ ሽማግሌ፤ ዓይናቸው ግን የጭልፊት ነው። በወንዙ ማዶና ማዶ ስንት ሰርግ በሳቸው ቆጠራ እንደፈረሰ እመት ውድነሽ ቀደም ብለው ነግረውን ነበር። የሞላን ወገን እሳቸው በቃላቸው ቆጠሩ፤ እንደ ዳዊት ነው የሚያወርዱት። ከዚያ ወደኛ ዞረው፣ “በሉ እስቲ፣ ጎንደር ደግሞ በወረቀት እንዴት ይወለዳል?” አሉ፤ ሰዉ ሳቀ።

አያ ተገኘ ቆመው አነበቡ። እኔ ከጎን ሆኜ የወረቀቱን ጫፍ ያዝሁላቸው። እንጉዳይ የበሩ መቃን ላይ ተደግፋ ትሰማለች። እናቷን አነበቡ፤ አያቷን አነበቡ፤ አለነን፣ ካሴን፣ ብሩን። “ብሩ የወንዴ ልጅ” ሲሉ አያ ደርሶ እጃቸውን አነሡ።

“ወንዴ?”

“ወንዴ” አሉ አያ ተገኘ።

“ወንዴ ረታ?”

“አዎ።”

አያ ደርሶ ከጠላቸው ጠጡ። ጢማቸውን ጠረጉ። በመጀመሪያ አያ ተገኘን፣ ቀጥሎ በሩ ላይ ያለችውን ልጅ አዩ፤ እሷን ለረጅም ጊዜ ነው ያዩዋት። እመት ውድነሽ አንገታቸውን ደፍተው የቁርበቱን ጠጉር ይነጫሉ።

“እኔ አልደረስሁበትም” አሉ አያ ደርሶ ቀስ ብለው። “ግን አያቴ ስሙን ሲያነሡ ሰምቻለሁ። ቁጡ ነበር አሉ። ግን ቶሎ ይበርድለት ነበር።”

ግቢው ተነፈሰ። ያ ትንፋሽ አሁንም ይሰማኛል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላዘዘውም። ከሞላ ወገን አንዱ፣ ወንዴ ግራኝ እንደነበር አባቱ ይነግረው እንደነበር አነሣ። ሌላው መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ነው፣ ድንጋዩ ግን ተወስዷል አለ። እመት ውድነሽ ቀና ብለው፣ “ጠላም እምቢ አይልም ነበር” ሲሉ አያ ደርሶ፣ “እሱስ በዘር ነው” ብለው ጽዋቸውን ለቀጂው ዘረጉ። አንድ ሰው እንኳ ፈገግ አላለም፤ ሁሉም ስለ ሞተ ዘመዱ የሚያወራ ሰው ፊት ነበረው። አያ ተገኘ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ “ጻፊው” አሉኝ። “ከሁለት አፍ ተሰምቷል።”

እንጉዳይ በጥር ተዳረች። እኛ ሰርጉን አልጠበቅንም፤ ትምህርት ቤቴ ሊከፈት ነበር። ስንመለስ ዳገቱ ጫፍ ላይ አርፈን፣ አያ ተገኘ ገደሉን እያዩ፣ “እኔ ካሴን አይቼዋለሁ እንዴ?” አሉ። ለኔ የተናገሩ አይመስለኝም። “ብሩንስ? ረታንስ? እነሱም በአንድ ታኅሣሥ፣ ለአንዲት ልጅ ሰርግ ተብለው ተወልደው ቢሆንስ?” እሳቸውም ከዚያ ቀን ወዲህ ስም ለማጣራት የትም አልሄዱም።

መጽሐፉ ጎንደር ታተመ፤ ቀጭን፣ ሽፋኑ ቶሎ የሚላቀቅ መጽሐፍ። ለዘመድ ታደለ። የእንጉዳይ የበኩር ልጅ አራስ ቤት ሳትወጣ ሞተ የሚል ወሬ የመጣ ጊዜ አያ ተገኘ ያንን ገጽ ገልጠው በሩ ላይ ተቀመጡ። ሕፃን በዚያ አገር በብርድም በሳልም እንደሚሞት ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ዕድሜያቸውን ያን ሲያክሙ ነው የኖሩት። ቢሆንም ያን ቀን ምሳ አልበሉም፤ እኔንም ከሰዓት በኋላ አልጠሩኝም። በኋላ ሌሎች ልጆች ተወለዱ፤ አደጉ። እሳቸው ይህን ሰምተው ነው የሞቱት፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን እንጉዳይ ራሷ አያት ናት። ከልጆቿ አንዱ ባለፈው ሰሞን ደወለልኝ፤ የቤተሰቡን መጽሐፍ አስፋፍቶ እንደገና ሊያሳትም ነው። ስልኬን ከማን እንዳገኘ አልጠየቅሁትም። ትሑት፣ ሸጋ ልጅ ነው። ስለ ሌሎቹ አያቶች ብዙ ነገር አለን፣ ስለ ወንዴ ግን ትንሽ ነው፤ እርስዎ በቦታው ስለነበሩ የሚያውቁትን ቢጨምሩልን አለኝ። የሰማሁትን ሁሉ ያን ጊዜ ጽፌዋለሁ አልሁት። እውነቴን ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እጄ ሥራ አልያዘልኝም። ከዚያ ግቢ ከነበሩት ትልልቅ ሰዎች ዛሬ ማንም የለም። የሰው ፊደል ሳቃና ዕድሜዬን ፈጅቼ፣ አንድን ሰው በገዛ እጄ ከምንም ጽፌ ማኖሬ አንዳንዴ ይከብደኛል። አንዳንዴ ደግሞ ከጻፍሁት ሁሉ በእርግጥ ለሰው የጠቀመ እሱ ብቻ ይመስለኛል። ሁለቱን አስታርቄ መተኛት አልቻልሁም።

ይህን ስጽፍ ስሞቹን ሁሉ ቀይሬያለሁ። የአያ ተገኘን፣ የእህታቸውን፣ የእንጉዳይንና የባሏን፣ የሽማግሌውን፣ የቀበሌውን ሳይቀር። ያልነበረውንም ሰው ስም ቀይሬዋለሁ። የልጅ ልጆች አሉት።